ከድምፃዊው ጀርባ የነበሩት፦ ባንድ ሲበተን ስለሚወለድ የብቻ ሥራ

ታዋቂ የሮክ ባንድ ሲፈርስ የሚከተለውን ነገር የዓለም የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊዎች በለመዱት መንገድ ይተርኩታል። ቢትልስ በ1970 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲበተን አራቱም አባላት በዚያው ዓመት የየራሳቸውን አልበም አወጡ። በቡድኑ ውስጥ ለዘፈኖቹ በቂ ቦታ ያላገኘው ጆርጅ ሃሪሰን ያከማቸውን በሦስት ሸክላ አሳተመ። ከዚያ ወዲህ ሃያሲው የሚጠይቀው ጥያቄ የታወቀ ነው፤ ማን ከባንዱ የበለጠ አደገ? ማንስ ያለ ጓደኞቹ ጎደለ?

ጥያቄው ትርጉም የሚኖረው አድማጩ አባላቱን ከመለያየታቸው በፊት በስም ሲያውቃቸው ነው። በእኛ አገር ዘመናዊ ሙዚቃ ግን የባንድ አባል በስሙ አይታወቅም ነበር። በካሴት ዘመን ወልድያም ሆነ መርሳ ሙዚቃ ቤት ገብቶ ካሴት የሚጠይቅ ሰው የሚጠራው የድምፃዊውን ስም ነው። የኤፍሬም ታምሩ ወጣ? የነዋይ ደበበስ? የባንዱ ስም በሽፋኑ ላይ ቢኖርም የጊታሩና የሳክስፎኑ ባለቤቶች እነማን እንደሆኑ የሚጠይቅ ጥቂት ነበር። ድምፃዊው ዛሬ ከአንዱ፣ ነገ ከሌላው ባንድ ጋር ይሠራል፤ ስለዚህ ከጅምሩም ብቻውን የቆመ ነው። እንግዲህ ስለ ቀድሞ የባንድ አባላት የብቻ ሥራ ስንነጋገር ዓይናችን ማረፍ ያለበት በተጫዋቹ ላይ ነው። ስሙ ሳይጠራ ለዓመታት የኖረ ሰው ባንዱ ሲበተን ምን ይዞ ይወጣል?

ይህን ጥያቄ ከሰሜን ወሎ ሆኖ ማንሳት የራሱ ምክንያት አለው። ከወልድያ ወደ ምዕራብ የሚወጣው መንገድ ወደ ላሊበላ ያደርሳል። የዚያች ከተማ ሁለቱም ስሞች፣ የጥንቱም የኋለኛውም፣ በደርግ ዘመን የሁለት የሙዚቃ ቡድኖች መጠሪያ ነበሩ። በአዲስ አበባ ከአይቤክስ ባንድ የወጣው ቡድን ሮሃ ባንድ ተባለ። በደሴ ደግሞ የወሎ ክፍለ ሀገር የኪነት ቡድን ላሊበላ የሚለውን ስም ይዞ ተጫወተ። አንደኛው በሆቴልና በስቱዲዮ የሚሠራ፣ ከገበያ የሚኖር የከተማ ባንድ ነው። ሁለተኛው መንግሥት ያቋቋመው፣ በየአውራጃው እየዞረ ሕዝብ የሚሰበስብ ቡድን ነው። ከሁለቱ የወጡ ሰዎች የብቻ ጉዞ ፈጽሞ አይመሳሰልም።

ወደ እነሱ ከመሄዳችን በፊት ድምፃዊና ተጫዋች እንዴት እንደተለያዩ እንይ። አዝማሪው ማሲንቆውን ሲይዝ ድምፃዊም ተጫዋችም እሱው ራሱ ነው። ግጥሙን በቦታው ያፈልቃል፣ ዜማውን ይመራል፣ ገንዘቡንም በእጁ ይቀበላል። በእኛ ዘንድ ድምፃዊንና ተጫዋችን የለየው የ20ኛው መቶ ዘመን ኦርኬስትራ ነው፤ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊት፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር። ዓምሃ እሸቴ በ1969 ዓምሃ ሪከርድስን ሲመሠርቱና የግል ባንዶች ሸክላ ማሳተም ሲጀምሩ ይህ ክፍፍል አልተወገደም፤ እንዲያውም በሽፋኑ ላይ ታተመ። ከተቋማቱ ውጭ ቀድመው ከቀረፁት አንዱ በነበረው ሶል ኤኮስ ውስጥ ይዘፍኑ የነበሩት ተሾመ ምትኩ ጥቂት ዘፈኖችን ቀርፀው ወደ ስዊድን ሄዱ። ጥቂት ሸክላዎቻቸው ግን እስከ ዛሬ በእኛ ዘንድ እየተዘፈኑ አሉ።

ስለ ተጫዋች የብቻ ሥራ ካነሳን ከኃይሉ መርጊያ የሚቀድም ምሳሌ የለም። በደብረ ብርሃን የተወለዱት ኃይሉ የዋሊያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበሩ። ዋሊያስ በሂልተን ሆቴል ለዓመታት ተጫወተ፤ ሰዓት እላፊ በነበረበት ጊዜ እንግዶች ሌሊቱን እዚያው ስለሚያድሩ ሙዚቃው እስከ ንጋት ይዘልቅ ነበር። በ1977 በአሊ አብደላ ካይፋ ማተሚያ የወጣው «ቼ በለው» ድምፃዊ የሌለበት አልበም ነው፤ «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለው ዜማ የሚገኘውም እዚያ ውስጥ ነው። ድምፃዊው ከመድረኩ ሲወርድ ከኋላው የነበረው ሁሉ ፊት ለፊት ይሰማል። ባሱ ዜማውን እንደ ገመድ ይጎትታል፣ ኦርጋኑ ድምፃዊ ሊያዜመው የሚገባውን ያዜማል፣ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ይቀበሉታል። በሚቀጥለው ዓመት ኃይሉ ከዳህላክ ባንድ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ»ን ሠሩ። አንድ የባንድ አባል ባንዱን ሳይለቅ ከሌላ ባንድ ጋር በራሱ ስም ካሴት ማውጣቱ በእኔ ንባብ የብቻ ሥራው እውነተኛ መነሻ ነው።

በ1981 ዋሊያስ ለጉብኝት ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ጉዞው ሲያበቃ ከፊሉ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ እዚያው ቀሩ። ሮክ ባንዶች በገንዘብ ክርክር፣ በቅናት፣ በጥበብ አለመግባባት ይበተናሉ እንላለን። የዋሊያስ መበተን ግን የአገር ጉዳይ ነው፤ ባንዱን የከፈለው መመለስና አለመመለስ ነው። ይህ በእኛ የባንድ ታሪክ ውስጥ በተደጋጋሚ የሚመጣ በመሆኑ የኢትዮጵያን ሙዚቃ በ«መለያየት» ቋንቋ ብቻ የሚያነብ ሃያሲ ፖለቲካውን ጥሎ ያልፋል።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1985፣ ኃይሉ ዋሽንግተን ውስጥ አንድ ካሴት ቀረፁ። በዚያ ካሴት ውስጥ ባንድ የለም። በልጅነታቸው የለመዱት አኮርዲዮን አለ፣ ሲንተሳይዘር አለ፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖ አለ፣ ከበሮውን የሚመታው ማሽን ነው። ሁሉም በአንድ ሰው እጅ። «ሸሞንሟናዬ» የሚለውን ዜማ ከዚያ ካሴት ሲያዳምጡ አንድ ግጭት ይሰማል። የከበሮው ማሽን አይፋጠንም፣ አይዘገይም፣ አያመነታም። አኮርዲዮኑ ግን በላዩ ላይ ድምፁን ያንቀጠቅጣል፣ ያንጠለጥላል፣ የዜማውን መጨረሻ ዘግይቶ ይዘጋል። ድምፃዊና ተጫዋች ከመለያየታቸው በፊት የነበረውን የአንድ ሰው ጥበብ ኃይሉ በስደት ከተማ ውስጥ በኤሌክትሪክ ገመድ መልሰው ሠሩት ብል ማጋነን አይመስለኝም። ከሥራዎቻቸው ሁሉ የማስበልጠውም ይህን ነው። የባንድ አባል የብቻ ሥራ ከባንዱ በታች ወይም በላይ ሆኖ መመዘን እንደሌለበት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም፤ ከባንዱ በፊት ወደነበረው የሙዚቃ አኗኗር የሚመለስ ሌላ አቅጣጫ ነውና።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በሰፊው ተወርቷል። ኃይሉ ታክሲ እየነዱ ኖሩ። አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝ ካሴቱን ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ በ2013 ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በተባለው አሳታሚው ዳግም አወጣው። በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 «የኔ ምርጫ» ተከተሉ። የውጭ ጋዜጠኞች በታክሲው ታሪክ ላይ አብዝተው አተኮሩ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ጎን ነው፤ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ካሴቱ ባሕር ዳር ገበያ ላይ ነበረ፤ የአማራ አገር አድማጭም ሰምቶታል፤ ስለ እሱ የጻፈ ሃያሲ ግን ከመካከላችን አልወጣም። «ላላ በሉ» በትዝታ ጀምሮ፣ በአንቺሆዬ አልፎ፣ «የፍቅር እንጉርጉሮ» በሚለው የብቻ ፒያኖ ይዘጋል። ቅኝቶቻችንን ከእኛ በተሻለ የሚያውቅ የለም እያልን ይህን የመሰለ አልበም ሌሎች እስኪገመግሙልን መጠበቃችን ያሳዝናል።

የግርማ በየነ ዕጣ ደግሞ በተቃራኒው ዝምታ ነበር። ፒያኖ ተጫዋችና የብዙ ዘፈኖች አቀናባሪ የነበሩት ግርማ በራሳቸው ድምፅ የቀረፁት እጅግ ጥቂት ነው። በአሜሪካ ለረጅም ዓመታት ከመድረክ ርቀው ኖሩ። ወደ አገር ከተመለሱ በኋላ አካሌ ውቤ ከተባለው የፈረንሳይ ቡድን ጋር ተጫወቱ፤ ሥራው በ2017 ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚያዘጋጁት ኢትዮፒክስ የተባለው ተከታታይ አልበም 30ኛ ቅጽ ሆኖ ወጣ። አቀናባሪ የብቻ ሥራ ሊኖረው ይችላል ወይ ለሚል ሰው ይህ አልበም መልስ ይሰጣል። ድምፁ የአንድ ትልቅ ዘፋኝ ድምፅ አይደለም። አቀናባሪው የትንፋሽ መሣሪያዎቹን መግቢያ ለራሱ ትንፋሽ ልክ ሲያሰላው ግን ይሰማል።

አሁን ወደ ወልድያ። አያሌው መስፍን የዚህች ከተማ ተወላጅ ናቸው። ጥቁር አንበሳ የተባለውን ባንዳቸውን ይዘው በ1970ዎቹ የቀረፁት ሙዚቃ በዘመኑ ከነበረው ሁሉ ለሮክና ለፈንክ የቀረበ ነው፤ የሚያጉረመርም ጊታር፣ የሚቆራረጥ የትንፋሽ መሣሪያ፣ ቸኩሎ የሚገባ ድምፅ። በእሳቸው ዘንድ ጉዳዩ ይገለበጣል። ድምፃዊ ናቸው፣ ባንዱም የራሳቸው ነው። ስለዚህ የደርግ መንግሥት አስሯቸው ለዓመታት እንዳይዘፍኑ ሲያግዳቸው የወደቀው የአንድ ሰው ሥራ ብቻ አልነበረም። የባንዱ ድምፅ አብሮ ተዘጋ። በኋላ ወደ አሜሪካ ሄደው ኮሎራዶ ግዛት ዴንቨር ኖሩ። በ2018 ናው አጌይን የተባለው የሎስ አንጀለስ አሳታሚ የቆዩ ቀረፃዎቻቸውን «ሐሳቤ» በሚል ርዕስ ሰብስቦ ሲያወጣ የአያሌው ስም ለዓለም አድማጭ ደረሰ።

ወልድያ በሼህ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ስም የተሠራው ስታዲየም አላት፤ በእግር ኳስም ስሟ ይጠራል። ከተማዋ ያፈራችውን የሮክና የፈንክ ድምፅ ግን ከልጆቿ ይልቅ የአውሮፓና የአሜሪካ ሸክላ ሰብሳቢዎች ያውቁታል። አያሌውን በወልድያ ትምህርት ቤቶች የሙዚቃ ክበብ ማስተማር ለታሪክ ክብር መስጠት ብቻ አይደለም። በዚያ ድምፅ ውስጥ የአካባቢው የየጁ የጭፈራ ምት ከኤሌክትሪክ ጊታር ጋር እንዴት እንደተገናኘ የሚመረመር ቁም ነገር አለ። የከበሮውን አካሄድ ከሠርግ ጭፈራ ጋር እያስተያዩ መስማት የሚችል ጆሮ ደግሞ በወልድያና በአቅራቢያዋ ባለው በሀብሩ ወረዳ እንጂ በሎስ አንጀለስ አይገኝም።

ከሀብሩ በስተደቡብ አምባሰል ይዋሰናል። ከመርሳ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ የአምባሰል ቅኝት ስሙን ያገኘበትን አገር ጥሎ ነው የሚያልፈው። የላሊበላ ኪነት አባል የነበሩት ማሪቱ ለገሠ ከቡድኑ በኋላ በብቻ ሥራቸው የገነኑት በዚህ ቅኝትና በባቲ ነው። ዚነት ሙሃባም ከዚያው ቤት የወጡ ናቸው። እነዚህ ድምፃውያን ቡድኑን ሲለቁ ከኃይሉ መርጊያ በተለየ የሚፈልጉት አዲስ ድምፅ አልነበረም። ቅኝቱ ራሱ ባንዳቸው ነው። አጃቢው ቢቀያየር፣ ማሲንቆው በኪቦርድ ቢተካ፣ መድረኩ ከደሴ ወደ አሜሪካ ቢዛወር ማሪቱ አምባሰልን ሲጀምሩ የሚሰማው ያው ቦታ ነው። ለዚህ ነው የወሎ ድምፃውያን ከቡድን መውጣት እንደ ስብራት የማይሰማው። ያላቸውን ከቡድኑ አላገኙትም፤ ቡድኑ ነው ከእነሱ ያገኘው። በኪነት ቡድኑ ውስጥ ማሲንቆ የመቱ፣ ክራር የገረፉ፣ ዋሽንት የነፉ ሰዎች ግን የብቻ ካሴት አልነበራቸውም። መንግሥት ቡድኑን ሲያቋቁም ተጫዋቹን በደመወዝ ያዘው፤ ቡድኑ ሲዳከም ስም የሌለው ሰው አድርጎ ለቀቀው። ይህን ማለት ኪነት ቡድኖቹን መኮነን አይደለም። ያለ እነሱ የወሎ ዜማ በዚያ ስፋት ባልተሰማ ነበር።

ወደ ዛሬ ስንመጣ ይህ የተጫዋቹ ስም አልባነት መለወጥ ጀምሯል። በ2012 በቢል ላስዌል አዘጋጅነት «ኤርታሌ»ን ያወጣው ጃኖ ባንድ ቅኝትንና ከባድ ሮክን ሲያገናኝ የባንዱን ስም ከድምፃውያኑ ስም አስቀደመ። የዛሬ አድማጭ የባንድ አባልን በፊቱና በስሙ ማወቁ ከዚያ ወዲህ ቀላል ሆኗል።

የአይቤክስና የሮሃ ሰዎችን ለመጨረሻ ያቆየሁት ብዙ የሰማናቸውና ጥቂት የጻፍንላቸው በመሆናቸው ነው። መሐሙድ አሕመድ በ1975 «ኧረ መላ መላ»ን ሲቀርፁ ከኋላቸው አይቤክስ ነበር። ያ ሥራ በ1986 በቤልጅየሙ ክራምድ ዲስክስ ሲታተም የኢትዮጵያ ሙዚቃ በአውሮፓ ጆሮ ማግኘት ጀመረ። የባሱ ጆቫኒ ሪኮ፣ የሳክስፎኑ ፈቃደ አምደመስቀል፣ የጊታሩ ሰላም ሥዩም ወልደማርያም የአንድ ትውልድ ካሴቶችን አጅበዋል። ጊታሪስቱ ሰላም ግን ከጓደኞቻቸው የተለየ የብቻ ሥራም ሠሩ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ አጥንተው የዘመናዊ ሙዚቃን አነሳስና እድገት የሚመረምር ጥናት ጻፉ። በእኔ እምነት ይህም ከማንኛውም አልበም እኩል የብቻ ሥራ ተብሎ ሊቆጠር ይገባዋል፤ ከድምፃዊው ጀርባ የቆመ ሰው የቆመበትን ታሪክ በራሱ እጅ ጽፎታልና። ጥናቱ ከ1896 ይጀምርና 1974 ላይ ያበቃል። «ኧረ መላ መላ» የተቀረፀው በሚቀጥለው ዓመት ነው። አይቤክስ የደመቀበት፣ ሮሃ የተወለደበት፣ ሰላም ራሳቸው ጊታሩን ይዘው የቆሙበት ዘመን ጥናቱ ከቆመበት ወዲህ ያለው ነው።