ጥርስና ምስክርነቱ

ድሩ ሄይደን ቴይለርን «ቀልደኛ ነው» ብሎ ማለፍ ይቀናናል። በ1962 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ በከርቭ ሌክ የተወለደው ይህ ኦጂብዌ በተውኔትም በልብ ወለድም ሲያስቅ ኖሯል። ታዲያ ሳቁ ምን ቋጥሯል? በ1991 መድረክ ላይ የዋለውን «አንድ ቀን» እንይ። እናት ሎተሪ ይወጣላታል፤ እኛም እንስቃለን። እሷ የምትናፍቀው ግን ገንዘቡን አይደለም፤ በጨቅላነቷ ተወስዳ ለነጮች በማደጎ የተሰጠችውን ልጇን እንጂ። ልጅቱ ትመጣለች፤ ብዙም ሳትቆይ ትሄዳለች። ሳቃችን አፋችን ላይ ይደርቃል።

እርግጥ ሎተሪው ትንሽ የተመቻቸ ይመስላል፤ አንክድም። ነገር ግን በሺህ የሚቆጠሩ የነባር ሕዝቦች ልጆች በእውንም እንዲሁ ተወስደዋል። ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤ ቴይለር ይህንኑ ባዳ ለምስክርነት አቁሞታል።