ጭምብልና ቃለ ተውኔት

ስለ ጭምብል ስንነጋገር በአብዛኛው የምናተኩረው በመልኩና በተምሳሌትነቱ ላይ ነው። በእኔ አስተያየት ግን በአማርኛ መድረክ ቀዳሚው ጥያቄ ጭምብሉ ለተዋናዩ ፊት መመቸቱ ነው።

ጥያቄው በሌላውም ዓለም ተነስቷል። እ.ኤ.አ. በ1947 የጎልዶኒ «የሁለት ጌቶች አገልጋይ» በስትሬለር አዘጋጅነት በሚላኖ ፒኮሎ ቴአትር ሲቀርብ፣ አርሌኪኖን የተጫወተው ማርቼሎ ሞሬቲ ጭምብሉ ስላልተመቸው ፊቱን ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ተጫወተ። ጭምብል የለመደው ቀራፂው አምሌቶ ሳርቶሪ ከቆዳ ከሠራለት በኋላ ነው።

የእኛ ችግር ከምቾት ያልፋል። በአማርኛ መጥበቅና መላላት ፍቺ ይለውጣል። «ገና» የመጨረሻው ፊደል ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን፣ ሲጠብቅ በዓሉን ያመለክታል። ጽሑፉ ልዩነቱን አያሳይም፤ የሚለየው የተዋናዩ አፍ ነው። አፉ ከታፈነ በኅብረ ቃል የተሠራ ንግግር ሰሙ ብቻ ይቀራል።

እብናት በተመለከትሁት የተማሪዎች ልምምድ፣ ጦጣን ሆኖ የሚጫወተው ልጅ ያጠለቀው የካርቶን ጭምብል አገጩን አጣብቆ ይዞት ነበር። የሚጠብቀውም የሚላላውም አንድ ሆኖ ስለተሰማ ቀልዱ አለፈ። ጭምብሉ ከላይኛው ከንፈር በላይ ተቆርጦ፣ ግንባሩና ጉንጩ ላይ ስፖንጅ ሲገባበት ግን ያው ንግግር ሣቅ አስነሳ። ከቃሉ የተለወጠ ነገር አልነበረም።

የዘመናዊ ተውኔታችን መነሻ የሆነው የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የሚያናግረው እንስሳትን ነው። ዛሬ ይህን ተውኔት በጭምብል ለማዘጋጀት የሚነሳ ሰው፣ አውሬው ምን ይምሰል ከማለቱ በፊት እንዴት ይናገር የሚለውን ሊወስን ይገባል።