ማሕሌታይ ያሬድ በፎገራ ሜዳ ዙሪያ፤ ስለ ሕይወቱና ስለ ትምህርት ቤቶቹ የተጻፈው ሲመረመር

ስለ ማሕሌታይ ያሬድ የጻፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከአክሱም ተነሥተው ስሜን ላይ ይጨርሳሉ። ገድሉም ስንክሳሩም ትልቁን ስፍራ የሚሰጡት ለእነዚህ ለሁለቱ ነውና አያስደንቅም። ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ስሙ እምብዛም አይነሣም። ይሁን እንጂ የሊቃውንቱ የአፍ ትውፊት ያሬድን ከሜዳው በግራና በቀኝ ያቆመዋል፤ ይኸውም በምዕራብ በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳር አጠገብ በምትገኘው በጣና ቂርቆስ፣ በምሥራቅ ደግሞ በጋይንት በዙር አምባ ነው። ከአፄ ገብረ መስቀልና ከአቡነ አረጋዊ ጋር መጥቶ በደሴቲቱ ተቀመጠ፤ ከዚያም ወደ ዙር አምባ ወጥቶ ዝማሬን ደረሰ ይባላል።

ይህ ትውፊት እስከ ዛሬ የተያዘው በሁለት መንገድ ሲሆን ሁለቱም ጉድለት አለባቸው። አንደኞቹ ገድሉ የሚለውን ሁሉ የሕይወት ታሪክ አድርገው ይቀበላሉ፤ አምስቱን መጻሕፍት፣ ማለት ድጓን፣ ጾመ ድጓን፣ ምዕራፍን፣ ዝማሬንና መዋሥዕትን፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው በአንድ ሰው እጅ የተጻፉ ያደርጓቸዋል። ሁለተኞቹ ደግሞ ገድሉ ከያሬድ ዘመን ብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የተጻፈ መሆኑን ካዩ በኋላ ሰውየውን ከነትውፊቱ ወደ ጎን ይተዉታል። የመጀመሪያው አቋም ከድጓው ከራሱ ጋር ይጋጫል፤ ድጓው በ13ኛው ምዕት ዓመት ለነበሩት ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት የሚዘመር ይዟልና። ሊቃውንቱም ቢሆኑ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ድጓውን እንዳሰናዳ ሲናገሩ መጽሐፉ በብዙ እጅ ያለፈ መሆኑን አልደበቁም። ሁለተኛው አቋም ግን የባሰ ድህነት አለበት። ቦታና ስም የያዘ ትውፊት ሐሰት ሆኖ ቢገኝ እንኳ ማን እንደ ያዘውና ለምን እንደ ያዘው ይጠየቃል እንጂ አይጣልም።

ጥያቄው ሲጠየቅ መልሱ ከሩቅ አይመጣም። ትውፊቱ ያሬድን የሚያቆምባቸው ቦታዎች ትምህርት ቤቶቹ የቆሙባቸው ናቸው። የድጓ ምስክር የሚሆነው በጋይንት ቤተልሔም ነው፤ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር በዙር አምባ ነው፤ የአቋቋሙ ጎንደር ነው። ቆማ ፋሲለደስም የራሱን ዜማ ይዞ በዚሁ በቤጌምድር ምድር ይገኛል። እንግዲህ ዙር አምባ «ያሬድ ከዚህ ደረሰ» ሲል የሚናገረው ስለ 6ኛው ምዕት ዓመት ብቻ አይደለም፤ ዝማሬን የማስተማርና የመመስከር መብቱ ከየት እንደ መጣ መናገሩ ነው። ይህ የትውልድ ቆጠራ ነው፤ የሚቆጠረው ግን የሥጋ ልደት ሳይሆን የትምህርት ልደት ነው።

የውጭውን ዓለም ሙዚቃ ለሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ የህንዱ ታንሴን ትዝ ሳይለው አይቀርም። ታንሴን በ1562 እ.ኤ.አ. ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አክበር ግቢ የገባ ታላቅ ዘማሪ ነበር። ዲፓክ የሚባለውን ራጋ ሲያዜም መብራቶቹ በራሳቸው ተለኰሱ፤ የገዛ ሰውነቱም ሊቃጠል ደረሰ፤ ያዳነውም የዝናሙ ራጋ ነው ይባላል። በጓልዮር ከመቃብሩ አጠገብ የቆመውን የሮቃ ዛፍ ቅጠል ያኘከ ድምፁ ያምራል ተብሎ ይታመናል፤ በአገራችን ተማሪ ልቡ እንዲበራ አብሾ ጠጣ የሚባለውን ያስታውሷል። ከዚህም በላይ የሚያስገርመው የቃሉ ነገር ነው። በህንድ አንድ የዜማ ወገን «ጋራና» ይባላል፤ ቃሉ የወጣው «ጋር» ከሚለው ሲሆን ትርጓሜው ቤት ማለት ነው። የጎንደር አቋቋም ሊቃውንትም «ላይ ቤት» እና «ታች ቤት» ይባባላሉ። ሁለት ሕዝቦች ሳይገናኙ ዜማን በቤት ከፈሉት። ልዩነቱ ግን ሊታለፍ አይገባም፤ በህንድ ቤቱ ብዙ ጊዜ የሥጋ ዘመድ ነው፤ የታንሴን ወራሾች ነን የሚሉትም ከልጆቹ ይቈጥራሉ። በቤጌምድር ግን ቤቱ የቦታ ነው። የጎጃሙም የወሎውም የትግራዩም ልጅ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ቤተልሔም ከገባና ከተመሰከረለት የቤቱ ልጅ ነው።

የሁለቱን አፈ ታሪክ አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጠ ሰው ሌላም ነገር ያያል። ታንሴን ዜማው እሳትንና ዝናምን ያዝዛል፤ ይህም የሚጨምረው የንጉሡን ክብር ነው። ያሬድ ሲያዜም የገብረ መስቀል ጦር እግሩን ወጋው፤ ደሙ ሲፈስ ንጉሡም ዘማሪውም አላወቁም። ንጉሡ ካሳ የፈለግኸውን ጠይቅ ቢለው የጠየቀው ከግቢው ወጥቶ ወደ በረሓ መሄድን ነው። የያሬድ ታሪክ ከቤተ መንግሥት የመሰናበት ታሪክ ነው ማለት ነው። ይህን ያላስተዋሉ ጸሓፊዎች የጦሩን ነገር እንደ ተአምር ብቻ ቈጥረው ያልፉታል፤ የታሪኩ ፍሬ ግን ያለው በስንብቱ ላይ ነው። ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ከዛፉ ጫፍ የደረሰችው ትልም ተማሪን ለማጽናናት የምትነገር ናት፤ ድጓ ዓመታት የሚፈጅ ትምህርት መሆኑን የሚያውቅ ሰው ትሏ ለምን እንዳልተረሳች ይገባዋል።

በእርግጥ ግን ዜማው ከቤተ መንግሥት ተለይቶ አያውቅም። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) በተድባበ ማርያም የዜማውን ምልክት አበጁ የሚባሉት ገራና ራጉኤል «አዛዥ» በሚል ማዕርግ የሚጠሩ ናቸው፤ ማዕርጉ የግቢ ማዕርግ ነው። ዘመናቸውም ከታንሴን ዘመን ጋር ይቀራረባል። ከዚያ በኋላ ነገሥታቱ ወደ ጣና ዙሪያ ወረዱ፤ አፄ ሠርፀ ድንግል ከፎገራ በስተ ሰሜን በእንፍራዝ አጠገብ ጉዛራን አሠሩ፤ በ1636 እ.ኤ.አ. አፄ ፋሲለደስ ጎንደርን ቆረቈሩ። የቤጌምድር የዜማ ቤቶች ዝና ከዚህ የቤተ መንግሥት መውረድ ጋር ተያይዞ መመርመር ሲገባው፣ ስለ ያሬድ የሚጻፈው ከ6ኛው ምዕት ዓመት በቀጥታ ወደ ዛሬ ይዘላል።

ምልክቱም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ የሚባሉት ስምንቱ የያሬድ ናቸው ይባላል፤ ድርስና አንብር በኋላ ተጨመሩ። በጽሑፍ ምልክት የሚታየው ግን ከ16ኛው ምዕት ዓመት ወዲህ ነው። ከእነዚህ በቀር ከቃላት ፊደል የተወሰዱ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ሌሎች ምልክቶች አሉ፤ እያንዳንዱ ፊደል ተማሪው ቀድሞ በቃሉ ያጠናውን ዜማ ያስታውሰዋል። እንግዲህ ምልክቱ የማያውቀውን ሰው አያስተምርም፤ የሚያውቀውን እንዳይስት ይጠብቀዋል። በህንድ ባትካንዴ (1860–1936 እ.ኤ.አ.) በየቤቱ እየዞረ ዜማውን ሰብስቦ በራሱ ምልክት ባሳተመ ጊዜ አንዳንዶቹ መምህራን ሀብታቸው የተወሰደባቸው መስሏቸው ነበር። በእኛ አገር ምልክቱ ከቤቱ ውስጥ ስለ ወጣ እንዲህ ያለ ጠብ አልተነሣም።

የውጭ ሊቃውንት ሥራ በዚህ ሚዛን ሲታይ ደረጃው ይለያያል። ኮንቲ ሮሲኒ በ1904 እ.ኤ.አ. ገድለ ያሬድን አሳትሞ ለምርምር በር ከፈተ፤ በእጁ የነበረው ግን መጽሐፉ እንጂ ዜማው አልነበረም። ቬላ በ1966 እ.ኤ.አ. በምዕራፍ ላይ ያወጣው ጥናት ሥርዓቱን በትዕግሥት የመረመረ ነው። ኬይ ሸለመይና ፒተር ጄፍሪ ከ1993 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. በሦስት ክፍል ያሳተሙት ስብስብ ደግሞ ድምፁን፣ ምልክቱንና የብራናውን ታሪክ በአንድነት ያየ በመሆኑ ከሁሉም ይበልጣል። ነገር ግን ትኩረቱ የቤተልሔም ዜማ ነው። የቤተልሔም ቤት የገነነ ስለሆነ ምርጫው ተገቢ ነበር፤ ውጤቱ ግን ቤተልሔምን «የኢትዮጵያ ዜማ» አድርጎ ለዓለም ማቅረብ ሆነ። ቆማ፣ አጫብርና ተጉለት የዳር ማስታወሻ ሆነው ቀሩ።

ይህ ነገር በወረታ በኩል ሲታይ ቀላል አይደለም። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ጋይንት ከሚገነጠለው ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት፤ ከጎጃም ቅኔ ቤት ወጥቶ ድጓ ፍለጋ ለሚሄድ ተማሪም መንገዱ ይኸው ነው። ርብና ጉማራ በክረምት ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት የቀድሞው ተማሪ ጠፉ እስኪል ይጠብቅ ነበር፤ የዛሬው በመኪና ያልፋል። ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ በሜዳው ላይ ሩዝ ስለ ተስፋፋ፣ በየደጁ ለምኖ የሚያገኘው ቁራሽ እንጀራ እንኳ ብዙ ጊዜ የሩዝ ዱቄት የተቀላቀለበት ነው። የተማሪው ኪስም ባዶ አይደለም፤ የመምህሩን ድምፅ በስልክ ቀድቶ ይሄዳል። የተቀዳው ድምፅና የታተመው ድጓ አብዛኛውን ጊዜ የአንዱን ቤት ዜማ የያዙ ከሆነ፣ ሌሎቹን ቤቶች የሚያሸንፋቸው ክርክር ወይም ምስክር ሳይሆን የቅጂ ብዛት ይሆናል።

ስለዚህ ከገድሉ ሌላ ትርጉም ይልቅ አሁን የሚያስፈልገው ሥራ ይህ ነው፤ አንዱን የበዓል ምስባክ ሳይሆን አንድ ሙሉ የድጓ ክፍል መርጦ፣ ከቤተልሔም፣ ከቆማና ከአጫብር መምህራን አፍ እያንዳንዱን ለየብቻ መቅዳት፤ ቀጥሎም ከ16ኛውና ከ17ኛው ምዕት ዓመት ብራናዎች ምልክት ጋር መስመር በመስመር ማስተያየት። ቆማ ከቤተልሔም የሚለይበት ቦታ ብራናዎቹም እርስ በርሳቸው የሚለያዩበት ሆኖ ከተገኘ፣ «የያሬድ ዜማ» የሚባለው ከመጀመሪያው አንድ ነበር ወይስ ብዙ የሚለው ክርክር ከገድሉ ወጥቶ በድምፅና በብራና ላይ ይቆማል። የቆማን ዜማ አጥርተው የያዙ መምህራን ሳሉ ይህ ሥራ በጥቂት ወራት ሊጀመር ይችላል።