የእድር ድንኳንና የመድኃኒት መደርደሪያ

ለኢሉባቦር ገበሬ ስለ ጤና መድን ማስተማር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በጤናህ ጊዜ ትንሽ ትንሽ ታዋጣለህ፤ ክፉ ቀን የመጣበት ከተዋጣው ይረዳል፤ ዘንድሮ ያልደረሰበት ደግሞ «ገንዘቤ ይመለስልኝ» ብሎ አይጨቃጨቅም። ይህን ሁሉ እድር አስተምሮታል። ስለዚህ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመርና ኋላም በአገሪቱ ሲዛመት፣ ሐሳቡ ለማንም እንግዳ አልነበረም። እንግዳ የሆነው ሌላ ነው። እድር ድንኳን አለኝ ካለ ድንኳኑ አለ። ለቅሶ ቤት ደጃፍ ቆሞ «ድንኳን አልቋል፤ ከውጭ ተከራዩ» የሚል የእድር ዳኛ እስካሁን አላየሁም።

ሆስፒታል ግን ይላል። ከአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ፊት ለፊት ባለ የግል መድኃኒት ቤት ከኡካ በኩል የመጡ አንድ አባት አግኝቼ ነበር። በአንድ እጃቸው የመድን ደብተራቸውን፣ በሌላው የሐኪም ማዘዣ ይዘዋል። ቡናቸውን ሸጠው መዋጮውን በጊዜው ከፍለዋል። ካርድ ያለ ክፍያ ወጥቶላቸዋል፤ ሐኪምም አይቷቸዋል። የመድኃኒቱ መስኮት ጋ ሲደርሱ ግን «የለም አባባ፤ ውጭ ይፈልጉ» ተባሉ። «ልጄ» አሉኝ፣ «የከፈልኩት ለመታየት ነው እንጂ ለመዳን አይደለም ማለት ነው?» የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። ብጠራው ጥፋቱ የእሱ ብቻ ይመስላል፤ ነገሩ ደግሞ እንዲያ አይደለም።

መደርደሪያው ለምን ባዶ ሆነ? እስከ 1990ዎቹ ድረስ ሆስፒታል ከበሽተኛ የሚሰበስበውን ገንዘብ ለመንግሥት ግምጃ ቤት ያስገባ ነበር። በ1990 ዓ.ም. የጸደቀው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ይህን ለመለወጥ መንገድ ከፈተ። በየክልሉ ሕግ ሲወጣም ሆስፒታሎች ገቢያቸውን ለራሳቸው እንዲያውሉ፣ በቦርድ እንዲመሩና ከፍሎ ለሚታከም የግል ክፍል እንዲከፍቱ ተፈቀደ። ድሃው በነጻ ወረቀት እንዲታከም፣ እንደ ወሊድና ሳምባ ነቀርሳ ያሉት ደግሞ ለሁሉም ያለ ክፍያ እንዲሆኑ ተደነገገ። እኔ ይህን ለውጥ አልነቅፈውም። የራሱን ገቢ ማዘዝ የማይችል ሆስፒታል የተሰበረ መስኮት እንኳ ለማስጠገን ደጅ ሲጠና ይከርማል። ነገር ግን አብሮ አንድ ነገር ሾልኮ ገባ። የመንግሥት በጀት በአብዛኛው ለደመወዝ ሲውል፣ መድኃኒቱ የሆስፒታሉ የገዛ ገቢ ዕዳ ሆነ። ገቢው ከዘገየ መድኃኒቱም ይዘገያል።

መድን ሲመጣ ደግሞ ገቢው በዱቤ ሆነ። ሆስፒታሉ አባልን አክሞ ሒሳቡን ለመድኑ ጽሕፈት ቤት ይልካል። ጽሕፈት ቤቱ ይመረምራል፤ ይጠይቃል፤ ይቆያል። እሱም ቢሆን መክፈል ለማይችሉ ድሆች ወረዳውና ክልሉ የሚሸፍኑትን መዋጮ ይጠብቃል። ሆስፒታሉ ካልተከፈለው ለመድኃኒት አቅራቢው መሥሪያ ቤት አይከፍልም። አቅራቢው ካልተከፈለው፣ የውጭ ምንዛሪውም ካልተገኘ፣ ከባሕር ማዶ አያስመጣም። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ሁሉም አበዳሪ ነው፤ ሁሉም «ያልተከፈለኝ አለ» ይላል። ገንዘቡን በጥሬው፣ በቅድሚያ የከፈለ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ገበሬው ነው። ባዶ እጁን የሚመለሰውም እሱው ነው።

ገበሬው ቀድሞ ሲከፍል ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በንጉሡ ዘመን፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ከመሬት ግብር ጋር የጤና ግብር ተደንግጎበት ነበር። ከዚያ በኋላ ደግሞ የባዕድ ቸርነት መጣ። መቱ ላይ ያለው ሆስፒታል «ካርል» የሚለውን ስም ያገኘው ከካርልሃይንዝ በም ነው። ተዋናይ የነበረው ሰው «ሰዎች ለሰዎች»ን በ1974 ዓ.ም. አቋቁሞ፣ ኢሉባቦር ውስጥ ብዙ ሠርቶ፣ በ2006 ዓ.ም. አረፈ። ውለታው አይረሳም። ግን ሕንፃ አንድ ጊዜ ነው የሚሠራው፤ ሆስፒታል በየቀኑ ነው። የዕለት ጓንቱንና ግሉኮሱን ማንም ሪባን ቆርጦ አያስመርቀውም፤ ስለዚህም ለጋሽ አይበዛለትም። የበዛለት ጊዜም ቢሆን እጁን ሊሰበስብ ይችላል። የ2009 ዓ.ም. ብሔራዊ የጤና ሒሳብ እንዳሳየው ከአገሪቱ የጤና ወጪ 35 በመቶ ያህሉ ከውጭ የመጣ ነበር፤ 31 በመቶው ደግሞ በቀጥታ ከበሽተኛው ኪስ። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ አሜሪካ እርዳታዋን በድንገት ስታቆም፣ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ ብዙ የጤና ሠራተኞች ሥራቸውን ሲያጡ አይተናል።

አንዳንዱ «በዚህች መዋጮ ምን ይጠበቃል?» ይላል። እውነት ነው፤ መዋጮው ትንሽ ነው፤ በአንድ ወረዳ ብቻ የሚጠራቀም ገንዘብም አንድ የወባ ክረምት ሊያናጋው ይችላል። ታዲያ ይህ መነገር ያለበት ምዝገባው ላይ ነው፤ መስኮቱ ላይ አይደለም። ጋና እ.ኤ.አ. በ2003 የመድን ሕጓን ስታወጣ፣ ከአባል መዋጮ ሌላ ከሸቀጥና ከአገልግሎት ላይ 2.5 በመቶ ቀረጥ መደበችለት። እሷም ቢሆን ለሆስፒታሎች በወቅቱ ባለመክፈል ተወቅሳለች፤ ቢሆንም ትንሿን መዋጮ በቀረጥ መደገፍ እንደሚቻል አሳይታለች። የአፍሪካ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና እንመድባለን ያሉትም ለጌጥ አልነበረም።

እኔ የምለው ይህ ነው። መድኑ ለሆስፒታሉ ከታከመ በኋላ ከሚከፍል፣ ከፊሉን በሩብ ዓመቱ መጀመሪያ ያስቀድምለት። የድሃው ድጎማ በወረዳው በጀት ላይ እንደ ደመወዝ የማይነካ ይሁን። አባል መድኃኒት አጥቶ ከውጭ ከገዛ፣ ደረሰኙን አቅርቦ ያለ ምልልስ ይመለስለት። ከሁሉ በላይ፣ በየዓመቱ መዋጮ ለመሰብሰብ ቀበሌ ላይ ሕዝብ ሲጠራ፣ አምና የትኛው መድኃኒት ለስንት ቀን እንደጠፋና ማን ለማን ስንት ዕዳ እንዳለበት ይነበብለት።

እድር ጸሐፊና ዳኛ ስላለው ብቻ አልጸናም። ሰው በክፉ ቀኑ ድንኳኑ ሲተከል በዓይኑ ስላየ ነው። ድንኳኑ ሁለት ጊዜ የቀረበት ሰው፣ በሦስተኛው ዓመት ማንም ቢለፈልፍለት አያዋጣም። ያኔ «ኅብረተሰቡ ግንዛቤ ይጎድለዋል» ብሎ ሪፖርት መጻፍ፣ እንደኔ እንደኔ፣ ነውር ነው።