ዕቃው ከመነደፉ በፊት

የአዲስ ዕቃ የገበያ ጥናት የሚካሄደው ዕቃው ገና ሳይኖር ነው። ስለዚህ «እንዲህ ያለ ዕቃ ቢመጣ ይገዙታል?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ደካማው ነው። ቤት ድረስ የመጣን ጠያቂ ማሳፈር ነውር ስለሆነ፣ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «አዎ፣ ጥሩ ነው» ይሆናል። ጥናቱ መያዝ ያለበት ሰዎች ዛሬ ሥራውን እንዴት እንደሚሠሩት ነው።

የእንጀራ ምድጃ የሚነድፍ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ማድ ቤት ነው። በጋገራ ቀን ከመጀመሪያው እንጀራ እስከ መጨረሻው ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ብዙ ያገኛል፦ እሳቱ ስንት ጊዜ እንደሚቆሰቆስ፣ ጭሱ ወዴት እንደሚዞር፣ እንጀራው ዓይን አላወጣ ሲል ጋጋሪዋ ምን እንደምታደርግ፣ በተረፈው ፍም ምን እንደሚጣድበት። ጋጋሪዋ ይህን ሁሉ ብትጠየቅ አትጠቅሰውም፤ ለምዳዋለች። ከሲሚንቶና ከፑሚስ የሚሠራው «ምርጥ» ምድጃ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ከኋላው ግን ከምጣዱ ሥር በሚወጣው ሙቀት የሚሞቅ የድስት መጣጃም አለው። ማገዶን ብቻ የሚመዝን ጥናት የዚህን መጣጃ ጥቅም አያየውም።

ቃለ መጠይቁ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የሚጠየቀውም ስለ ወደፊቱ ሳይሆን ስለ መጨረሻው ጋገራ ነው፦ መቼ ነበር? ማገዶው ከየት መጣ? ማን ከፈለ? አቢ ግሪፊንና ጆን ሃውዘር እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ20 እስከ 30 ሰዎችን በተናጠል ማነጋገር ከደንበኞች ፍላጎት 90 በመቶውንና ከዚያም በላይ እንደሚያወጣ ገምተዋል። ያጠኑት ግን ምግብ መያዣና ማጓጓዣ ዕቃዎችን ነበር፤ ቁጥሩ እንደ ሕግ አይወሰድም። ማገዶ የምትገዛ ከተሜና ለቅማ የምታመጣ የገጠር እናት አንድ ገበያ አይደሉም፤ ለሁለተኛዋ ቁጠባው በብር ሳይሆን በጉልበት ነው። የቡድን ውይይት ፈጣን ቢሆንም፣ ታላቂቱ ከተናገረች በኋላ ሌሎቹ ይከተሏታል።

ናሙናው ሲደርስ እዚያው አሳይቶ አስተያየት መሰብሰብ አይበቃም። ኮካ ኮላ እ.ኤ.አ. በ1985 አዲሱን ጣዕም ከማውጣቱ በፊት ወደ 200,000 በሚጠጉ ሰዎች አስቀምሶ ነበር፤ ብዙዎቹ ወደዱት። ሚያዝያ ውስጥ የወጣው መጠጥ ግን ተቃውሞ ገጠመው፤ በሐምሌ አሮጌው ተመለሰ። በቅምሻ የተለካው የአንድ ጉንጭ ጣዕም እንጂ የለመዱት መጠጥ ሲወሰድ የሚሰማው አልነበረም። ስለዚህ ናሙናው እቤት ተትቶ ከሳምንታት በኋላ ይጎበኛል። ምድጃው ጥላሸት ከያዘ ሠርቷል፤ ማዳበሪያ ከተቆለለበት ግን ምስጋናው ሁሉ ዋጋ የለውም።

ዋጋ የሚታወቀው በመሸጥ ነው። ጥቂት ምድጃዎች በተለያየ ዋጋ በተለያዩ ገበያዎች ይቀርባሉ፤ በነፃ ማደል ይህን ልኬት ያበላሸዋል። ማን ኪሱን እንደፈታም ይመዘገባል፤ ጭሱን የምትታገሰውና ገንዘቡን የሚይዘው ሰው የተለያዩ ከሆኑ፣ ዕቃው ለሁለቱም መነደፍ አለበት።