በዳዊቱ ኋላ

በአያቴ ዳዊት መጨረሻ ካሉት ባዶ ገጾች በአንዱ ላይ፣ በደበዘዘ ቀለም፣ የእናቴ ልደት ሰፍሯል፦ ኅዳር 12 ቀን 1951 ዓ.ም.፣ ዓርብ፣ ዘመነ ሉቃስ። ክርስትና የተነሣችበት ቀን ከሥሩ በሌላ እጅ ተጽፏል፤ ሴት ናትና በ80 ቀኗ። ወንጌላዊው ለጌጥ የገባ አይደለም። አራቱ በየዓመቱ ስለሚፈራረቁ የዓመቱ ቁጥር ቢፋቅ እንኳ ዘመኑን ለማግኘት ያግዛል።

እኔን የሚማርከኝ ግን ከልደቱ ጎን ያለው ዝባዝንኬ ነው። ቀይዋ ላም ወለደች። ጎረቤት 7 ብር ተበደረ። (መክፈሉ የትም አልተጻፈም፤ አያቴም እስከ ዕለተ ሞቷ አልረሳችውም።) ከመዝሙረ ዳዊት ጋር በአንድ ጥራዝ ላምና ዕዳ! ለኔ እውነተኛው የቤት ታሪክ ይኸው ነው።

ከጽሑፍ ይልቅ ወሬ ለሚቀናው ወላጅ ደግሞ የደራሲው የመንግሥቱ ለማ መንገድ አለ። የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ ከአንደበታቸው ተቀብለው «መጽሐፈ ትዝታ» ብለው በ1959 ዓ.ም. አሳተሙት። ሽማግሌው እያወጉ፣ ልጁ እየጠየቀ የተሠራ መጽሐፍ ነው።

እኔም ዘንድሮ ባለ መስመር ደብተር ገዝቼ የቤታችንን ታሪክ መጻፍ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ገጽ ስለ እናቴ ሽሮ ነው። አነበበችውና «በርበሬውን አሳንሰሃል» አለችኝ፤ እስክሪብቶውን ተቀብላም ኅዳጉ ላይ በራሷ እጅ አረመችው።