የፓወር ሰፕላይ ፈተና ሰቆጣ ላይ ቢደረግ

የዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላይ ግምገማ የምታነቡ ከሆነ ውድድሩ በአብዛኛው በ12 ቮልቱ መስመር ላይ መሆኑን ሳታስተውሉ አትቀሩም። አንዱ ጭነት ሲበዛበት 11.98 ላይ ይቆማል፣ ሌላው 11.85 ይወርዳል፤ በቃ፣ የመጀመሪያው «ምርጥ»፣ ሁለተኛው «መካከለኛ» ይባላል። የኤቲኤክስ መመሪያ ግን ለዓመታት የፈቀደው በሁለቱም አቅጣጫ 5 በመቶ፣ ማለትም ከ11.40 እስከ 12.60 ቮልት ነው። ደግሞም ፕሮሰሰሩ 12 ቮልቱን በቀጥታ አይጠቀምም፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው መቀየሪያ ወደ 1 ቮልት ገደማ አውርዶና አስተካክሎ ነው የሚሰጠው። ያቺ የ0.13 ቮልት ልዩነት ለደረጃ ትጠቅም ይሆናል እንጂ ኮምፒውተራችሁ አያውቃትም።

ቁጥሩ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። ችግሩ የተለካበት ቦታ ነው፦ የግድግዳው ቮልቴጅ ንቅንቅ የማይልበት ላቦራቶሪ።

ያንኑ ዕቃ ሰቆጣ ወስደን አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ እንሰካው። የጎረቤት ወፍጮ ሲነሳ ሞተሩ ለአፍታ ከመደበኛው አምስት ስድስት እጥፍ ኩረንት ይስባል። የእንጀራ ምጣድም አንዱ ብቻውን 3 ኪሎዋት ገደማ ይፈልጋል። (የተከዜ ግድብ 300 ሜጋዋት እዚያው ዋግኽምራ ጠርዝ ላይ ነው፤ የሶኬቱን ቮልቴጅ የሚወስነው ግን የመጨረሻው ቀጭን ሽቦ ነው።) 220 የነበረው 170 ገባ እንበል። ተራ ፓወር ሰፕላይ ካፓሲተሩን የሚሞላው ከግድግዳው ባገኘው ልክ ነው፦ በ220 እስከ 311 ቮልት፣ በ170 ግን እስከ 240 ብቻ። የሚጠራቀመው ኃይል የሚቀንሰው በቮልቴጁ ስኩዌር ስለሆነ 40 በመቶው ሄደ ማለት ነው፤ መጠባበቂያ የሚሆነው ደግሞ ከዚያም በላይ ይመናመናል። ልክ በዚያች ሰዓት መብራት ድርግም ብሎ ቢመለስ ኮምፒውተሩ ሪስታርት ያደርጋል፣ ሴቭ ያልተደረገው የደንበኛ ጽሑፍም አብሮ ይጠፋል።

አክቲቭ ፒኤፍሲ ያለው ግን መጀመሪያ ቮልቴጁን ወደ 380 አካባቢ ያነሳል። ግድግዳው 170 ሆነ 220፣ ካፓሲተሩ ያው ይሞላል። መብራት ከጠፋ በኋላ ስንት ሚሊሰከንድ እንደሚቆይ ነው እኔ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ማየት የምፈልገው። መመሪያው ለዓመታት የጠየቀው 17 ገደማ ነው፤ የእኛ 50 ኸርዝ መስመር አንድ ዙር እንኳ 20 ይፈጃል! «80 ፕላስ» የሚለው ምልክትም ይህን አይነግራችሁም፤ የሚያወራው ስለ ብክነት ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ በርካሾቹ ላይ የ12 ቮልቱ ፈተና ዋጋ አለው። የ12 እና የ5 ቮልቱን መስመሮች አንድ ላይ የሚቆጣጠሩ ስለሆኑ አንዱ ላይ ጭነት ሲበዛ ሌላው ከደንቡ ሊወጣ ይችላል።

ስለ ከፍታ ደግሞ ማንም አያነሳም። ሰቆጣ ከ2200 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ ያው ማራገቢያ በያው ፍጥነት ያነሰ ሙቀት ያወጣል። በሳሳ አየር ብልጭታም በቀላሉ ይዘላል። የቻይና የደህንነት ደንብ ከ2000 ሜትር በታች ብቻ ለመጠቀም የተሠራ ዕቃ ይህን የሚገልጽ ምልክት እንዲለጠፍበት ያዛል። ከመግዛታችሁ በፊት ዕቃውን ገልብጣችሁ የተለጠፈውን እዩ።